ሰንደል የሸተተው ዝናር

መንገድ ላይ እየሄዳችሁ፣ ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ አንድ ሽታ ድንገት ቀጥ አድርጎ አቁሟችሁ ያውቃል? እኔን በቅርቡ አቁሞኛል። መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ፣ ባጃጆች ተራ በሚይዙበት ጥግ ቆሜ ነበር። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ወጣት በአጠገቤ አለፈ። ፊቱን አላየሁትም። የሸተተኝ ግን ሰንደል ነበር፤ ከቅርንፉድና ስሙን ከማላውቀው ሌላ ነገር ጋር በዘይት የተለወሰ፣ የሱዳን ሙሽሮች የሚቀቡት ዓይነት ከባድ ሰንደል። ባለ ባጃጁ «ቲቸር፣ አይገቡም እንዴ? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ» እስኪለኝ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ሽቶ ቤት አይደለም፤ የዳዊት መዝሙር ነው። አርባ አራተኛውን መዝሙር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው። መዝሙሩ ለአንድ ንጉሥ የተገጠመ ነው። ንጉሡ መልከ መልካም ነው፤ አነጋገሩም ያማረ ነው። ባለ መዝሙሩ ሰይፍህን በወገብህ ታጠቅ ይለዋል። ንጉሡ ታጥቆ ይጋልባል፤ ፍላጻዎቹ የተሳሉ ናቸው፤ ጠላቶቹ ይወድቃሉ። ብዙ ሰው ከመዝሙሩ የሚያስታውሰው እስከዚህ ነው። እኔም እስከዚህ ብቻ የሚያስታውስ አንድ ሰው አውቅ ነበር። ታሪኩ የእሱ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ኮኪት የወረድኩት ገና ኮረዳ ሳለሁ፣ ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ አማርኛ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ አንድ የክር ሹራብና ብዙ ዕቅድ ነበር። ሹራቡን ከዚያ ወዲያ ለብሼው አላውቅም። የዛሬዋን ኮኪት የሚያይ ሰው የያኔዋን ለመገመት ይቸገራል። የስልክ ምሰሶ ያለበት ጉብታ ላይ ቆሞ ሰው ከነስልኩ ወደ ሰማይ እየተንጠራራ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአንድ ብር፣ ከርከዴ በሁለት ብር ይጠጣል። ከየሻይ ቤቱ የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ ቃሉን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፣ ዜማውን ግን ሁላችንም እናንጎራጉረው ነበር። የአረም ወቅት ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአገሩ አጠራር ሳሉጎቹ፣ ቁምጣቸውን ታጥቀው፣ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ከጭነት መኪና ላይ ይወርዳሉ፤ የጎጃሙን በአነጋገሩ፣ የወሎውን በቀልዱ ትለየዋለህ። ወጣቱ የፕላስቲክ ጫማ ያደርጋል፤ ትንሽ ገንዘብ የያዘ ከድንበር ማዶ የመጣ ቆዳ ሸበጥ ይገዛል። ገበሬው ደግሞ ምንም ቢለብስ ክላሹን ሳያነግት ከቤቱ አይወጣም። መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርት ለመግዛት ተሰልፌ ከፊቴ ያለውም ከኋላዬ ያለውም የታጠቀ ሆኖ ሳይ ደንግጬ ነበር። ኋላ ማንም የማያየው ነገር ሆነብኝ፤ ጃንጥላ እንደ መያዝ።

የተከራየሁት ከእትዬ ሙሉ ግቢ ነው። እትዬ ሙሉ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሰሊጥ እርሻቸውን ራሳቸው የሚያዝዙ፣ ድምፃቸው ከትራክተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። ትልቁ ፈንታሁን እኔ ከመምጣቴ ከዓመታት በፊት ሞቷል። የሞተው በእርሻ ወሰን ነው። ያኔ ትራክተር ማታ ማታ ያርሳል፣ አራሹም የወሰኑን ድንጋይ አያይም፤ ጠዋት ባለቤቶቹ ሲመጡ ይጣላሉ። በዚያ ዓመት ከጎረቤታቸው ከአስረስ ጋር ፈንታሁን ተጣላ፤ ሁለቱም ታጥቀው ነበር፤ ፈንታሁን ሞተ። አስረስ ታሰረ፣ ፍርዱን ጨረሰ፣ ተፈታ። ሲፈታ ወደ አባቱ ቤት ገባና ወንዝ ዳር በውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት ማልማት ጀመረ። አባቱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው እርቅ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ጊዜ መልስ የነሳቸው ታናሹ ልጅ ጌትነት ነው።

ጌትነት ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ መልከ ቀና ልጅ ነበር። ልጅ ሆኖ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሟል። የኔታ በከተማው ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ዓይናቸው እየደከመ የሄደ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጌትነት ከተማረው ሁሉ ያልለቀቀው ያንን መዝሙር ነው። ጠዋት ጠዋት መሣሪያውን እየወለወለ ሲያነበንብ ከግድግዳው ማዶ እሰማው ነበር። ሁልጊዜ ከሰይፉ ይጀምራል፣ ፍላጻዎቹ ጋ ይደርሳል፣ ያቆማል። ከዚያ የመሣሪያው ብረት ቀጭ ሲል ይሰማል። አስተማሪ ነኝና ይህ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ተማሪዎቼን አንድን ምንባብ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ጥያቄ አትመልሱ እላቸዋለሁ፤ እዚህ ግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ደግሞ በየቀኑ ግማሹን አንብቦ መልሱን ያገኘ ይመስላል።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሙሽራዋ ብርቱካን ትባላለች፤ የገለጉ ከተማ ልጅ ናት። ሰሊጡ ተሸጧል፣ ዳሱ ሊጣል ነው፣ ቤቱ ደስ ብሎታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ሙሉ እንጨት ላይ ተቀምጠው የጓሮውን በር ያያሉ።

«ምን ያዩበታል?» አልኳቸው።

«ይኸ በር ለዓመታት ተጠርቅሞ ነው የኖረው። ትናንት ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶታል።»

«ታዲያ ቢቀባው ምን አለ?»

«ጫጉላዬ ከጓሮ ያለው ክፍል ይሁንልኝ አለኝ። ሰው ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ክፍል ትቶ ከጓሮ ይሞሸራል? በዚህ በር ወጥተሽ ማሽላውን ስታቋርጪ የት ትደርሻለሽ?»

አሰብኩ። «ወንዝ።»

«ሽንኩርቱ ጋ» አሉ እትዬ ሙሉ።

እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ላስረዳ። ሙሽራ ጫጉላ ከገባ በኋላ ደጅ አይወጣም። የት ዋለ ተብሎ አይጠየቅም፤ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሚዜዎቹ በር ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ። በዚያ ሰሞን ወንዝ ዳር አንድ ሰው ቢወድቅ ከአገሩ ሰው ሁሉ የማይጠረጠረው ሙሽራው ነው። ጌትነት ይህን አስቦበታል። እናቱም እንዳሰበበት ገብቷቸዋል። «አንዱን ቀብሬያለሁ» አሉኝ፤ «ለሁለተኛው ደግሞ ስንቅ ቋጥሬ እስር ቤት ላመላልስለት? ያውም እሱ ቀድሞ ከመታ ነው። አስረስም እኮ መሣሪያ አለው።»

መጀመሪያ የሄድነው የኔታ ዘንድ ነው። እትዬ ሙሉ ጌትነትን የሠርግ ቡራኬ ተቀበል በሚል ሰበብ ይዘውት መጡ፤ እኔንም አስከተሉኝ። የኔታ ነገሩን በጆሯቸው ሰምተው ኖሯል። ያንን መዝሙር በልልኝ ብለው ጀመሩና ትርጓሜውን እንደ ደንቡ አወረዱት። ንጉሡ ጌታችን ነው፤ ሰይፉ ቃሉ ነው፤ አንድም ሥልጣኑ ነው፤ ፍላጻዎቹ ሐዋርያት ናቸው፤ አንድም ልብ የሚወጋ ትምህርት ነው። በደንብ የተሰደረ ትርጓሜ ነበር፤ እኔ በልቤ ሠንጠረዥ እያሰመርኩለት ነበር። ጌትነት በአክብሮት እስከ መጨረሻው አደመጠ።

«የኔታ፣ ገብቶኛል» አለ፤ «ታዲያ አስረስን በቃል ልቁረጠው?»

የኔታ ሳቁ። መሳቅ ባይገባቸውም ሳቁ። «አንተ ልጅ ድሮም ጥያቄህ እንደ እሾህ ነበር» አሉት። ባረኩትና ወጣን። 

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ለሠርጉ የሚያስፈልገውን ለመግዛት ከእትዬ ሙሉ ጋር በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረን መተማ ዮሐንስ ወረድን። የዚያን ዘመን ገበያ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ከማዶ በእግራቸው የሚሻገሩት ሴቶች ቀለመ ብዙ ቶባቸውን ተከናንበው፣ ከወዲህ የሚሻገረው ጤፍና በርበሬ፣ ጉምሩኩ ፊት ለፊት የቆሙት ረጃጅም መኪኖች፣ ከሥራቸው በጥላው የተኙት ሾፌሮች። ሽቶ የምትሸጠው ሐጃ ነፊሳ ሱቋ ከመስጊዱ ጀርባ ካለችው ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። የእኛ አገር ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ማዶ ተድራ፣ ባሏ ሲሞት ተመልሳ መጥታ በዚያ የተማረችውን ሙያ ይዛ ሱቅ ከፍታለች። ቆላው ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ሙሽራውን በሱዳን ቅባት መቀባት ከለመደ ቆይቷል፤ ሁሉም የሚገዛው ከእሷ ነው።

«የጌትነት ነው?» አለች፤ «ማሻአላህ! ቀለል ያለው ይሻላል ወይስ ከባዱ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩ እኔ። ካልጠየቅሁ አልወድም።

«ቀለል ያለው በሳሙና ይለቃል። ከባዱ ሰንደሉ እንጨቱ ተፈጭቶ፣ በዘይት ከርሞ ነው። ቆዳ ውስጥ ይገባል። ልብስ ከነካ ልብሱ እስኪያልቅ ነው።» ከዚያ ፈገግ አለች። «እኔና ባሌ ስንጋባ እናቴ ከባዱን ቀባችው። አዳኝ ነበር የኔ ሰው። ጫጉላው እንዳለቀ ድኩላ ላምጣልሽ ብሎ ጫካ ገባ። ሲመለስ ባዶ እጁን ነው። ምን ሆንክ ስለው፣ ድኩላው ገና ሳላየው ከሩቅ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ ሄደ አለኝ! ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ምንም አልገደለም፤ ጎረቤት ነበር ሥጋ የሚሰጠን።»

እኔ ሳቅሁ። እትዬ ሙሉ አልሳቁም። ጠርሙሱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት።

«ሐጃ፣ ጠመንጃ ቢቀባስ?»

«ጠመንጃ ማን ይቀባል?»

«የጠመንጃ ማንገቻ። ቆዳው።»

ሐጃ ነፊሳ አየቻቸው። የፈንታሁንን ነገር የማያውቅ ሰው በዚያ አካባቢ አልነበረም። ጠርሙሱን ከእጃቸው ወስዳ መደርደሪያው ላይ መለሰችና ከሥር፣ ከጨርቅ ውስጥ፣ ሌላ ትልቅ ጠርሙስ አወጣች። «ለቆዳ ይኸ ነው» አለች። «ይኸን የቀባሽውን ሰው ነፋስ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ይናገርበታል።»

ሠርጉ አማረ። ጌትነት ነጭ ለብሶ፣ ክላሹን አንግቶ፣ የአባቱን ዝናር ታጥቆ ከቤት ሲወጣ እውነትም ንጉሥ ይመስል ነበር። በዚያ አገር ሙሽራ ሲታጠቅ ያምራል፤ እናቱም ራሷ ታስታጥቀዋለች። እትዬ ሙሉም አስታጠቁት። በፊት ግን ራሱን፣ ደረቱን፣ እጁን በዚያ ዘይት አሹት። «በዛ እማዬ፣ በዛ!» ሲላቸው «ሠርግህ ነው፣ ዝም በል!» እያሉ። ዳሱ ውስጥ ሁሉም ሰው አፍንጫውን እየነካ ይስቅ ነበር። ሳቁን ያቆመው አያ ደመቀ ነው፤ የጌትነት የአባቱ ወንድም። ጠላው ሲገፋው ተነሣ፣ መሣሪያውን ከፍ አደረገ፣ ሸለለ፦

ታጠቀ አሉኝ ሙሽራው ታጠቀ፣
ዝናሩ ለማን ነው ወንድሙ ከወደቀ!

ከበሮው ቆመ። ሁሉም ጌትነትን አየ። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠና አጎቱን ቀና ብሎ በማየት ራሱን ነቀነቀ፤ ወሬውን ትሰማለህ እንደ ማለት። አያ ደመቀ ረክቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከጎኑ በዓይነ ርግብ ተሸፍና የተቀመጠችውን ብርቱካንን አየሁ። ፊቷ አይታይም። እጆቿ ግን ጉልበቷ ላይ ተጠላልፈው ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነበር። እሷም ሰምታለች፤ ገብቷታልም።

ከሠርጉ ማግስት እትዬ ሙሉ ምግብ ለማቅረብ ጫጉላው ሲገቡ ትልቁን ጠርሙስ ከነጠላቸው ሥር ይዘው ነው። ባዶውን ትሪ ይዘው ሲወጡ ጠርሙሱ አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች በምን ቃል እንደተነጋገሩ አላውቅም። ብዙ ቃል ያስፈለጋቸውም አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ከክፍሌ ወጣሁ። ጌትነት ዝናሩን በእጁ አንጠልጥሎ በጓሮው በር አጠገብ ቆሟል። ዋና ሚዜው ይርጋ አጠገቡ ነው፤ ይርጋ ክፉ ነገር ውስጥም ቀልድ የሚያገኝ፣ የትራክተር ሾፌር ነበር። ለካ ጌትነት ጠዋት ጠዋት በዚያው በር እየወጣ በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ ሲታጠብ ሰንብቷል።

«አሁንስ?» ይለዋል ይርጋን።

ይርጋ አሸተተው። «ቀንሷል። ትናንት ሱዳን ይደርስ ነበር፣ ዛሬ ጉምሩክ ይዞታል።»

«አትቀልድብኝ!»

«አልቀለድኩም። ወንዙ ዳር ሸምበቆው ውስጥ ብትተኛ ነፋሱ ወደ ሽንኩርቱ ነው የሚነፍሰው። አስረስ ሽንኩርቱን ትቶ ሙሽራው የታለ እያለ ይፈልግሃል።»

ጌትነት ዝናሩን አፍንጫው ላይ አደረገ። ከዚያ የክላሹን ማንገቻ፣ ከዚያ የመሣሪያውን የእንጨት ሰደፍ። ፊቱ ተለወጠ። «እማዬ! ዝናሩን ማነው የቀባው?»

እትዬ ሙሉ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከጫጉላው ውስጥ ድምፅ መጣ። ሙሽራ በአማቷ ፊት ድምፅዋን አታሰማም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የብርቱካንን ድምፅ አልሰማሁም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች፤ «ታጠቅ፤ አልከለከልኩህም። ሙሽራ ነህ፣ እንደ ሙሽራ ታጠቅ።»

ይርጋ ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረ።  ያኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሽታ ይለቃል። ዘግይቶም ቢሆን ይለቃል። ዝናሩን ጥሎ ሌላ ይገዛል። ሴቶቹ ያገኙት ጊዜ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እትዬ ሙሉም ይህን ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በፊት ለፊቱ በር ወጡ። ሲመለሱ የኔታን በበትራቸው እየመሩ ነው።

የኔታ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ይኸ ምንድን ነው? ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የመጣሁት?» አሉ። አስቀመጧቸው። ጌትነት ጉልበታቸውን ሳመ። «ሙሽራ» አሉት፤ «ተማሪ ቤት ሳለህ መዝሙሩን ሳትጨርስ ነበር ወደ ኳስ የምትሮጠው። ዛሬ ከጫጉላ የትም አትሮጥም። ጨርስልኝ።»

ጌትነት ጀመረ። ሰይፉን አለፈ። ፍላጻዎቹ ጋ ደርሶ እንደ ልማዱ አቆመ። «ቀጥል» አሉት። ስለ ዙፋኑ አለ፤ «ቀጥል»። ንጉሡ በደስታ ዘይት መቀባቱን አለ፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የንጉሡ ልብስ ከርቤና ሌላም ሌላም ሽቶ እንደሚሸት የሚናገረው ላይ ደረሰና ድምፁ ቀዘቀዘ። ሁላችንም በዚያ ሽታ ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

የኔታ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ኋላ እየሳቁ ተናገሩ። «ስንት ዘመን አስተማርኩት! ሰይፉ ቃል ነው አልኩ፤ እሱ አልተሻረም፣ ልክ ነው። ግን ሽቶውን ሳወርድ ሽቶውን አሽትቼው አላውቅም ነበር።» ወደ ጌትነት ዞሩ። «በል ልጠይቅህ። ይኸ ንጉሥ ታጥቋል?»

«ታጥቋል።»

«ተቀብቷልስ?»

«ተቀብቷል።»

«እንዲህ ሆኖ ሸምበቆ ውስጥ መተኛት ይችላል?»

ይርጋ ከበር ላይ ሆኖ «አይችልም፣ ሞክረነው ነበር» አለ። እትዬ ሙሉ በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

«አይችልም» አለ ጌትነት።

«እንግዲያ በየት ነው የሚሄደው? ሰው በሚያየው መንገድ ነው። በቀን ነው። ገና ሳይደርስ መምጣቱ ይታወቃል። ለእውነት፣ ለገርነት፣ ለፍርድ ሲል ይጋልባል የሚለው ለምን ይመስልሃል? እነዚህ ሦስቱ ሸምቀው አይሄዱም። ሰይፉን አልፈታም፤ ፍታ ያለውም የለም። ሽቶውን ግን አይደብቀውም።»

ጌትነት መሬት መሬት እያየ «እንዲህ ሆኜ ብሄድ አስረስ ከሩቅ ያየኛል» አለ።

«ይይህ።»

«ቀድሞ ይመታኛል እኮ፣ የኔታ።»

 እትዬ ሙሉ ግድግዳውን ደገፍ አሉ። «ሊሆን ይችላል» አሉ የኔታ፤ «የማይሆነውን ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። መዝሙሩ የሚለውን ጠየቅኸኝ፤ ነገርኩህ።» ተነሥተው በበትራቸው ሄዱ።

ቀጥሎ የሆነውን ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን ይርጋ ነግሮኛል። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስድስተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። ክፍሉ መስኮት እንጂ መስተዋት አልነበረውም። መጀመሪያ ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ዞር ስል ጌትነት በዋናው መንገድ፣ በገበያው መሐል ያልፋል። ነጩን የሠርግ ልብሱን ለብሷል፤ ክላሹን አንግቷል፤ ዝናሩን ታጥቋል። ሙሽራ በሦስትና በአራት ቀኑ ከጫጉላ ወጥቶ በገበያ ሲሄድ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሞ ያያል። ይርጋ ከኋላው ራቅ ብሎ ባዶ እጁን ይከተላል። ልጆቹን ወደ ደብተራቸው መለስኳቸው። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ግን ዛሬም አላስታውሰውም፤ ጆሮዬ ወደ ወንዙ ነበር። የተኩስ ድምፅ ጠብቄ ነበር። የሰማሁት የአስረስን የውኃ ሞተር ነው፤ ከዚያ እሱም ቆመ።

ይርጋ እንዳለው አስረስ ከአባቱ ጋር ሾላው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ መሣሪያው ግንዱ ላይ ተደግፏል። ነፋሱ ከእነጌትነት ወደ እነሱ ነው። ገና ሰውየው ሳይታይ አስረስ ቀና አለ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቆመ። እጁ ወደ መሣሪያው ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ጌትነት ከማሽላው ጥግ ብቅ ብሎ በቀጥታ መጣ።  ደርሶ የክላሹን አፈ ሙዝ ወደ መሬት እንዳደረገ ቆመ።

«ሽማግሌ ልካችሁ ነበር» አለ ለአባትየው፤ «መልስ አልሰጠሁም። መልሱን ይዤ መጣሁ። ላኳቸው። እናቴ ቤት ናት።»

ከዚያ አስረስን አየው። ብዙ አየው።  ከዚያ ዞሮ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ጀርባውን ሰጥቶ። አስረስ መሣሪያውን ለምን እንዳላነሣ ኋላ በእርቁ ላይ ሲጠየቅ የመለሰው አጭር ነው፦ «ሊገድለኝ የሚመጣ ሰው ሲመጣ አይሸተኝም።»

እርቁ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ተፈጸመ፤ የተለመደው ካሳ፣ የተለመደው መሐላ። አያ ደመቀ አልመጣም፤ ኋላ ግን ሲወራ ሰምቶ የመጣ ያህል ያወራው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ፍቅር ወረደ ብዬ አልነግራችሁም። ጌትነትና አስረስ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ ቆመው አያወሩም። የወሰኑ ድንጋይ አሁን በነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ማታ በትራክተር መብራትም ይታያል። የኔታ ዐርፈዋል። እትዬ ሙሉ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን አሁንም ከትራክተሩ በላይ ነው። የሐጃ ነፊሳ ሱቅ በልጇ ተይዞ የሞባይል ካርድም ይሸጣል። እኔ ወደ መተማ ዮሐንስ ተዛውሬ አሁንም አማርኛ አስተምራለሁ፤ በምንባብ ትምህርት ላይ ለተማሪዎቼ የምጨምራት አንዲት ጥያቄ ከዚያ ቤት ያመጣኋት ናት። ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን አደረገ የሚሉትን ከጨረስን በኋላ፣ «ምን ይሸታል?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ግን ተመልሰው ያነቡታል።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። መዝሙሩን አውጡና ከሰይፉ ጀምሩ፤ የምትወዱት መስመር ላይ ስትደርሱ አትቁሙ። ጮክ ብላችሁ እስከ ልብሱ ድረስ አንብቡ፣ ከቻላችሁ በዚያ ሰዓት የሆነ ጠንካራ ሽቶ እጃችሁ ላይ ይኑር። አሽትቱት። ከዚያ ያ የታጠቀው ንጉሥ ከቤቱ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ በፊት ለፊቱ ይሁን በጓሮው፣ እናንተው ተናገሩ።